የሚሸጥ ቤትና የሚገዛ ቤት፤ ከአንኮበር ተዳፋት እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሰው በዕድሜው ከሚዋዋላቸው ውሎች መካከል የቤትን ያህል ከባድ የለም፤ የቤትን ያህል በጥቂት ምርመራ የሚፈጸምም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፤ ሸኮናውን ይመረምራል፤ ጥቂት ያስኬደዋል። በቅሎ የሚገዛ ሰውም ሳይቀመጥባት ገንዘቡን አይቆጥርም። ቤት የሚገዛ ሰው ግን ቀለሙን አይቶ፣ ክፍሎቹን ቆጥሮ፣ በዋጋው ተከራክሮ ይፈርማል። መሠረቱን ያየ፣ ከጣራው ሥር ገብቶ ወራጁን የነካ፣ በዝናም ቀን ተመልሶ የመጣ ገዢ ጥቂት ነው። ሻጭም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ ቤቱን ለሽያጭ ሲያዘጋጅ ወጪውን የሚያውለው ገዢው በሚያየው ነገር ላይ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ቤተሰብ በሐሳብ ይታይ። አባትየው አንኮበር ላይ በድንጋይና በጭቃ የገነቡት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አለ። እርሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቹ ከፊሎቹ በአዲስ አበባ፣ ከፊሎቹ በደብረ ብርሃን ናቸው። እናትየው አርጅተዋል፤ ዳገቱ ጉልበታቸውን አድክሞታል። ስለዚህ ቤቱ ተሽጦ፣ የጎደለው ተጨምሮበት፣ ከሐኪምም ከልጆችም አጠገብ በደብረ ብርሃን አዲስ የተሠራ ቤት እንዲገዛላቸው ተመከረ። ታላቁ ልጅ ሲሚንቶና ቀለም ጭኖ መጣ። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ መሠረቱ የሚወርድ አንድ ስንጥቅ ነበርና አስቀድሞ እርሱን ሊደፍን ተነሣ።

«እማዬ፣ ይኼን ለስነን ቀለም ብንቀባው ማን ያየዋል? ዋጋውም ከፍ ይላል» አላቸው።

እናትየውም «ልጄ፣ ያ ስንጥቅ አባትህ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ይከፈታል። የሚገዛው ሰው ልጆቹን ከሥሩ ሊያስተኛ ነው። ሳትነግሩት ብትሸጡለት፣ እኔ እዚያ ሆኜ ዝናም በጣለ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም» ሲሉ መለሱለት።

ይህ ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ ሻጭም ገዢም ይሆናል። አንኮበር ላይ ሊደብቅ የተነሣውን ነገር ደብረ ብርሃን ላይ ሌላው ሰው እንዳይደብቅበት ይመኛል። እንግዲህ የዛሬው ነገር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ቤትን ለሽያጭ ማዘጋጀት ማለት ቤቱ ያለበትን ሁኔታ በግልጽ እንዲናገር ማድረግ ማለት ነው፤ አዲስ ቤት መግዛት ማለትም ገና ያልተናገረውን ቤት ማናገር ማለት ነው።

ሀ. ሕጉ የሚያየውና መሐንዲሱ የሚያየው

በአገራችን የቤት ሽያጭ ከመሬት ሥሪት ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለሆነም ዛሬ በከተማ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ቦታው በነባር ይዞታም ሆነ በሊዝ፣ ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሕግ ፊት የሚሸጠው ከመሬት በላይ ያለው ነው። የቤቱን ዕድሜ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ከመሬት በታች ያለው ነው። ገዢው ዋጋ የተከፈለበትን ግድግዳና ጣራ ሲመለከት፣ በውሉ ውስጥ ዋጋ ያልተጻፈለት አፈር ግድግዳውን ይሸከማል ወይም ይጥላል። ይህን ልዩነት በውሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው መሐንዲሱ ነው።

ለ. የአንኮበር ትምህርት

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚቆረስበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። የሸዋ ነገሥታት መናገሻቸው ያደረጓት ገደሉና ጋራው የተፈጥሮ ምሽግ ስለሆናቸው ነው። ዳሩ ግን ለምሽግ የሚበጅ ቁልቁለት ለመሠረት የሚበጅ አይደለም። በ1830ዎቹ ዓ.ም.፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከብርቱ ዝናም በኋላ ምድር ተንቀጥቅጦ ተዳፋቱ ሲናድ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ይዞ እንደወረደ፣ በዚያን ጊዜ በሸዋ የነበሩ የውጭ አገር መልእክተኞች ጽፈው አቆይተዋል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ከአንኮበር በስተሰሜን በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሠተው መንቀጥቀጥም ከስምጥ ሸለቆው አልፎ በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ ጭምር ተሰምቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። በዚህ ጠርዝ ላይ ሦስት ነገሮች ተባብረው ይሠራሉ፤ እነርሱም ቁልቁለት፣ ውሃና መንቀጥቀጥ ናቸው። አንዱ ብቻውን የማይጥለውን ግድግዳ ሁለቱ ተጋግዘው ይጥሉታል። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተችው አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ የአንኮበር ቤተ መንግሥት እየፈረሰ ሄደ፤ እንጨቱና ክዳኑ ጠፍቶ ከኮረብታው ላይ የዘለቀው በኖራ የተያያዘ የግንብ ቅሪት ነው። ዘመን የፈተነው ቤት ምን ምን እንደሚያስቀር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ሐ. ቤትን ለሽያጭ ማዘጋጀት

ቤቱን ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን ከቀለም ሳይሆን ከውሃ ቢጀምር ይጠቀማል። በተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት የመጀመሪያ ጠላቱ ከበላዩ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚቀለብስ ቦይ መቆፈር የጥቂት ቀናት የጉልበት ሥራ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ከማናቸውም ቀለም ይበልጣል። የጣራው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ ርቆ እንዲፈስ ማድረግም እንደዚሁ ነው። ግቢውን የሚደግፍ ግንብ ካለ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ እንዳልተደፈኑ መታየት አለበት። ከኋላው ውሃ ያቆረ ግንብ የአፈሩን ክብደት ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ግፊት ይሸከማልና፣ ሲሆድና ሲያጎነብስ ከቆየ በኋላ በአንድ ሌሊት ይወድቃል።

ቀጥሎ ስንጥቁ ነው። ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስኑ ላይ ብቻ እንደ ፀጉር የቀጠነና እንደ መረብ የተበታተነ ስንጥቅ የልስኑ መድረቅ ያመጣው ነው፤ ብዙ አያሰጋም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ እንደ ደረጃ እየሰበረ የሚወርድ ስንጥቅ መሠረቱ በአንድ በኩል መስመጡን ያመለክታል። በቤቱ ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ሁለቱ ግድግዳዎች ሲገነቡ በድንጋይ አለመያያዛቸውን ይናገራል፤ እንዲህ ያለው ቤት ምድር ስትንቀጠቀጥ እንደ ሣጥን ተባብሮ አይቆምም። ግድግዳው ሆዱን ወደ ውጭ ከነፋ ደግሞ የውስጡና የውጭው የድንጋይ ረድፍ ተለያይተዋል ማለት ነው።

ስንጥቁ ያረጀና የቆመ ይሁን ወይም ገና እየሠራ ያለ ይሁን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስንጥቁ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስስ የጂፕሰም ልጥፍ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ልጥፉ ይሰበራል። በጋውን አልፎ፣ የበልጉንና የክረምቱን ዝናም ጠጥቶ ሳይሰበር የቆየ ልጥፍ ለሻጩ ከማናቸውም ደላላ የበለጠ ይናገርለታል። የተሰበረ እንደሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለቀለም ሳይሆን ለመሠረቱና ለቦዩ መዋል እንዳለበት ያሳውቃል።

ስለ ልስን አንድ የተለመደ ስሕተት መነሣት ይኖርበታል። በጭቃ የተገነባን የድንጋይ ግድግዳ ወይም የእንጨትና የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ቤቱን ያዘመነው ይመስላል። ነገር ግን ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም። ጭቃው እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው ግን በያለበት ደርቆ ይቀራል። ከሥር የገባው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በገበታ በገበታው ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ምርግም ረጥቦና ላልቶ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ በጭድ የበሰለ ጭቃ ወይም ኖራ ይሻለዋል። ሻጩ ያለውን በያዘው ዓይነት ቢያድስ ወጪው ያንሳል፤ ገዢውንም አይበድልም።

እንጨቱም መታየት አለበት። የምሰሶዎችንና የማገሮችን እግር በጩቤ ጫፍ ወጋ ማድረግ ምስጥ የበላውን ከጤነኛው ይለያል። ጣራው ላይ የዛገውን ቆርቆሮ ለይቶ መለወጥ፣ የላላውን ምስማር ማጥበቅ፣ ኮርኒሱ ላይ የቀረውን የፍሳሽ ምልክት በቀለም ከመሸፈን ይልቅ ምንጩን ፈልጎ መድፈን ተገቢ ነው።

ቤቱ ሲዘጋጅ ወረቀቱም አብሮ ይዘጋጃል። የይዞታ ማረጋገጫውና ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ግብሩ መከፈሉ፣ ቤቱ በዕዳ አለመያዙ አስቀድሞ ይጣራል። ከላይ እንደተጠቀሰው ቤተሰብ አባት ያረፈበት ቤት ሲሆን የወራሾች ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ቤትም ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈጸመ ሽያጭ በመንደር ቢከበርም በችሎት ፊት ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ብዙ ሻጮች ጉድለትን መናገር ዋጋን መጣል ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሻጭ በሸጠው ነገር ላይ ላለ የተሰወረ ጉድለት ይጠየቃል፤ ገዢው አውቆት ለገዛው ጉድለት ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ጉድለቱን በጽሑፍ የገለጸ ሻጭ ከዋጋው ጥቂት ቢቀነስበትም፣ ከሽያጩ በኋላ ከሚመጣ ክስና ቅሬታ ራሱን አድኗል። ያቺ እናት ስለ እንቅልፋቸው የተናገሩት ነገር በሕጉም ዘንድ ስፍራ ያለው ነው።

መ. አዲስ የተሠራ ቤት መግዛት

አሁን ቤተሰቡ ከጋራው ወርዶ ሳይሆን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ይሻገር። ከተማይቱ በፋብሪካዎቿ፣ በዩኒቨርሲቲዋና በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ምክንያት ሰፍታለች። ቤቶችም በማኅበር፣ በግልና በአልሚዎች ይሠራሉ። ገዢው አዲስ ቤት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሊሾው ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ይሸታል፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ዳሩ ግን ስንጥቅ አለመኖሩ ቤቱ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። አዲስ ቤት ገና ክረምት አላየም። አሮጌው ቤት ጉድለቱን በግድግዳው ላይ ጽፎ ያሳያል፤ አዲሱ ግን ገና ምንም ስላልጻፈ ሌላ ቦታ መጠየቅ አለበት።

የሚጠየቀው በመጀመሪያ አፈሩ ነው። አንኮበር ላይ ያስፈራ የነበረው ቁልቁለት እዚህ የለም። በምትኩ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉት ሜዳዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አለ። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እግር የሚያስገባ ክፍተትም ያወጣል። በላዩ የተቀመጠ ቀላል ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠርዙና መካከሉ እኩል ስለማይርሱና እኩል ስለማይደርቁ እንቅስቃሴው ወጣ ገባ ይሆናል፤ ብሎኬቱም ይሰነጠቃል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «መሠረቱ ስንት ሜትር ነው?» ብቻ ሳይሆን «መሠረቱ ያረፈው በምን ላይ ነው?» ብሎ ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቷልን? በምትኩ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ ተሞልቷልን? ግድግዳውን በአንድነት የሚያስተሳስር የኮንክሪት ማሰሪያ በፌሮ ታስሮ ዙሪያውን ሄዷልን? በቤቱ ዙሪያ ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይሰርግ የሚከለክል የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ አለን? ባሕር ዛፍ ከግድግዳው ሥር ተተክሎ አፈሩን ከልክ በላይ እያደረቀው አይደለምን?

ሁለተኛው ጥያቄ ኮንክሪቱ የተሞላበት ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን የውርጭ አገር ናት። ከጥቅምት ወዲያ ባሉት ሌሊቶች ቅዝቃዜው ከበረዶ ነጥብ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት ውስጡ ያለው ውሃ ከበረደ ጥንካሬውን ለዘለቄታው ያጣል፤ በቀን ፀሐይና በደረቅ ነፋስ ውሃውን ያለ ጊዜው ካጣም እንደዚሁ ነው። በጆንያ ተሸፍኖ፣ ቀን ውሃ እየጠጣ፣ ሌሊት ከውርጭ ተጠብቆ የሰነበተው ኮንክሪትና በጥድፊያ ተሞልቶ የተተወው ኮንክሪት ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው የሥራው መዝገብና የናሙና ፍተሻ ውጤት ነው። እነዚህን ወረቀቶች ማሳየት የማይችል ሠሪ ገዢው ከሚያየው ከቀለሙ በቀር ሌላ ማስረጃ የለውም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን ሳይጸድቅና ፈቃድ ሳይሰጥ ግንባታ እንዳይካሄድ ሥርዓት አበጅቷል። በ1987 ዓ.ም. በወጣውና በኋላ በተሻሻለው የሕንፃ ኮድ ውስጥም ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ስለዚህ ገዢው የጸደቀው ፕላን ከቆመው ቤት ጋር አንድ መሆኑን፣ ፎቅ ከሆነም ስሌቱን የሠራው ባለሙያ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ብዙ ባለዕድሎች የውስጡን ሥራ በራሳቸው ወጪ አጠናቅቀዋል። ይህም «ያለቀ ቤት» የሚባለው ቃል ለሻጭና ለገዢ አንድ ትርጉም እንደሌለው ያስገነዝባል። ስለሆነም በውሉ ላይ ውሃው፣ መብራቱ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ፣ በሩና መስኮቱ፣ አጥሩ እየተዘረዘረ ቢጻፍ ይበጃል።

አራተኛው ክፍያው ነው። ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ የሄደበት ገዢ የሚያዝበት ነገር አይኖረውም። ክፍያ ከሥራው ደረጃ ጋር እየተመዛዘነ ቢፈጸም፣ ከመጨረሻውም ጥቂቱ ጉድለቱ ተዘርዝሮ እስኪስተካከል ቢቆይ ለሁለቱም ወገን ፍርድ ያለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጭ ላሠራው ሰው የሕንፃውን ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን፣ ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ የመጣ እንኳ ቢሆን እንዲጠየቅ ያደርገዋል። ሕግ አውጪው አፈርን በስሙ መጥቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ገዢውም ከሠሪው ጋር ያለው ውል ይህን ዋስትና ለእርሱ የሚያስተላልፍ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት ቢያስመረምር መልካም ነው።

ሠ. የባለሙያው ድርሻ

በዚህ ሁሉ መካከል መሐንዲሱ የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ የለም። ቤት ሲሸጥ ደላላው አለ፤ ሽማግሌው አለ፤ ጠበቃው አለ፤ ባንኩ ካበደረም ገማቹ አለ። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታን የሚመለከት አዋጅ መውጣቱ ግመታ በሥርዓት እንዲመራ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ዋጋ መገመትና ጤንነት መመርመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሐኪም ሳያየው የተገመተ በሬ ዋጋው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሬው ግን በማግሥቱ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ማኅበሩ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። ይኸውም ለተራ የመኖሪያ ቤት የሚሆን፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ ማንም በሚረዳው አማርኛ የተጻፈ የቤት ሁኔታ መግለጫ ማዘጋጀት ነው። ቦታው ተዳፋት ነው ወይስ ሜዳ፤ አፈሩ ምንድን ነው፤ ውሃው በየት ይመጣል፣ በየት ይሄዳል፤ ስንጥቁ የት አለ፣ መቼስ ታየ፤ እንጨቱና ጣራው በምን ሁኔታ ላይ ናቸው፤ ምን ታድሷል፣ በምንስ ታድሷል። ይህን ሻጩ ሞልቶ፣ ባለሙያ አይቶ ቢፈርምበትና ከውሉ ጋር ቢያያዝ፣ በየከተማው የሚነሣው ጠብ ብዙው ከመነሣቱ በፊት በቀረ ነበር። የአንድ ወጣት መሐንዲስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባውን መጠበቂያ ነው።

በመጨረሻ ወደ አንኮበሩ ቤት መመለስ ይገባል። ልጁ የእናቱን ቃል ቢሰማ ምን ያደርጋል? የገዛውን ሲሚንቶ ከቤቱ በስተጀርባ ለሚቆፈረው ቦይ ያውለዋል፤ በስንጥቁም ላይ የጂፕሰም ልጥፍ ለጥፎ ቀኑን ይጽፍበታል። ቤቱ ክረምቱን እስኪያልፍ ድረስ ሽያጩ ጥቂት ወራት ይዘገያል። ዋጋውም ልጁ ካሰበው ያነሰ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ላይ ከአዲሱ ቤት ሠሪ ፊት ቀርቦ «መሠረቱ በምን ላይ ነው ያረፈው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ራሱ የመለሰውን ጥያቄ ነውና በሙሉ አንደበት ይጠይቃል።